በሰው ማዕድ ላይ የሚሰጥ ምክር

የግሪክ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ በ3ኛው መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ የፋርስ ንጉሥ ካምቢሰስ ግብጽን ከያዘ በኋላ፣ ከዚያ በስተደቡብ ወደሚኖሩት፣ ግሪኮች ዕድሜ ረጅሞቹ ኢትዮጵያውያን ብለው ወደሚጠሯቸው ሰዎች፣ በመልእክተኛ ስም ሰላዮችን ላከ። የአገሩም ንጉሥ የቀረበለትን ሐምራዊ ልብስ፣ የወርቅ አንባርና የከርቤ ሽቱ አንድ በአንድ እየመረመረ ከነቀፈ በኋላ፣ ከገጸ በረከቱ ሁሉ ወይኑን ብቻ አመስግኖ፣ ሁለት ነገር ጠየቀ፤ ንጉሣችሁ የሚበላው ምንድን ነው? ከመካከላችሁስ ብዙ የኖረ ሰው ስንት ዓመት ይኖራል? መልእክተኞቹ ንጉሣቸው የስንዴ ዳቦ እንደሚበላ፣ የሰውም ዕድሜ ቢበዛ 80 ዓመት እንደሆነ በነገሩት ጊዜ፣ ከፍግ የበቀለ ነገር የሚመገብ ሕዝብ ዕድሜው ቢያጥር እንደማይደንቀው ተናግሮ፣ የገዛ ሕዝቡ ግን የተቀቀለ ሥጋ እየበላ ወተትም እየጠጣ እስከ 120 ዓመት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ እንደሚኖር አስታወቃቸው።

ሄሮዶቱስ ኢትዮጵያ ያለው ምድር ወሰኑ ዛሬ እኛ ከምናውቀው ወሰን ጋር አንድ ነው ለማለት አይቻልም፤ ትረካውም ታሪክና ተረት የተደባለቁበት ነው። ሆኖም ግሪኮች ለእነዚያ ሰዎች የሰጡት የረጅም ዕድሜ ቅጽል፣ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ማክሮባዮቲክ ለተባለው የአኗኗር ትምህርት መጠሪያ ከሆነው ቃል ጋር ሥሩ አንድ ስለሆነ፣ ትረካው ለእኛ ባዕድ አይደለም። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ይህ ነው፤ ንጉሡ ለረጅም ዕድሜ ምክንያት ያደረገው ሥጋና ወተት፣ በ20ኛው መቶ ዓመት የተነሡት የማክሮባዮቲክ መምህራን ከማዕድ ያራቁት ምግብ ነው፤ ፍግ ብሎ የናቀውን እህል ግን እነርሱ የጤና ሁሉ መሠረት አድርገው አከበሩት። ጥያቄው ሳይለወጥ ዘመናትን ሲሻገር መልሱ ተገለበጠ። ስለዚህ የሌላውን ሰው ማዕድ ሊያስተካክል የሚነሣ መካሪ ሁሉ አስቀድሞ ኅሊናውን ሊጠይቅ የሚገባው፣ በጥያቄው ታላቅነት ተማምኖ በመልሱ ላይ የማይገባውን ያህል እንዳይመካ ምን ይጠብቀዋል የሚለውን ነው።

በአውሮፓ ማክሮባዮቲክ የሚለውን ስም ለጥበብ መጠሪያ ያደረገው ጀርመናዊው ሐኪም ክሪስቶፍ ቪልሄልም ሁፌላንድ ነው። በቫይማር ባለቅኔዎቹን ጌቴንና ሺለርን ያክም፣ በዬና ዩኒቨርስቲም ያስተምር የነበረው ይህ ሰው፣ የሰውን ዕድሜ ስለ ማራዘም ያዘጋጀውን መጽሐፍ በ1796 (በዚህ ሐተታ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲያወጣ፣ በሁለት ነገሮች መካከል ድንበር አበጀ። የሕክምና ግብ ጤናን መመለስ ነው፤ የማክሮባዮቲክ ግብ ግን ዕድሜን ማርዘም ነው፤ ስለዚህ የአንዱ መንገድ ዘወትር የሌላው መንገድ አይደለም። ፈላስፋው ካንትም መጽሐፉ ሲደርሰው፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ አተነፋፈሱና ስለ አመጋገቡ ያለውን የራሱን ልማድ ጨምሮ የጻፈው መልስ በ1798 ታትሟል። ሁፌላንድ ያበጀው ድንበር በጊዜው እንደ ቀላል የትምህርት ቤት ክፍፍል ታይቶ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን፣ ወደፊት እንደምናየው፣ ኋላ የደረሰው መከራ አብዛኛው ይህ ድንበር ከመፍረሱ የመጣ ይመስለኛል።

ኋላ በዚሁ ስም የተጠራው የምሥራቁ ትምህርት ግን የፈለቀው ከሌላ ምንጭ ነው። የጃፓን ጦር ሐኪም የነበረው ሳገን ኢሺዙካ በ1896 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሰው ጤና የሚጸናው በምግቡ ውስጥ ባለው የሶዲየምና የፖታስየም ሚዛን እንደሆነ ጽፎ፣ ሕዝቡ የተፈተገውን ነጭ ሩዝ ትቶ ያልተፈተገውን እንዲመገብ መከረ። በዚያ ዘመን የጃፓን ወታደሮች ነጭ ሩዝ ዋና ቀለባቸው ሆኖ ቤሪቤሪ በተባለው ደዌ ይወድቁ ነበርና፣ ምክሩ ከከንቱ ግምት የመነጨ አልነበረም፤ ሩዙ ሲፈተግ የሚወገደው ሽፋን ለነርቭና ለልብ የሚያስፈልገውን ቪታሚን እንደያዘ ኋላ ሳይንስ አረጋግጧል። በ1893 በኪዮቶ የተወለደውና በዓለም ጆርጅ ኦሳዋ ተብሎ የታወቀው ሰው፣ እናቱን በልጅነቱ በሳንባ ነቀርሳ አጥቶ፣ እርሱም በወጣትነቱ በዚያው ደዌ ተይዞ ሳለ፣ የኢሺዙካን ምክር በመከተል እንደዳነ አመነ፤ የተረፈለትን ዕድሜም ሁሉ፣ በ1966 በ72 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ፣ ይህን ለማስተማር አዋለው። የማዕድናቱንም ሚዛን ዪንና ያንግ ከሚባሉት ከጥንታውያን የምሥራቅ ሊቃውንት ተቃራኒ ኃይላት ጋር አስተባብሮ፣ ከአመጋገብ ምክር ያለፈ የፍጥረት ሁሉ ፍልስፍና አደረገው።

ስለ ኦሳዋ መልካሙን አስቀድሞ መናገር ርትዕ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጃፓን ያቋቋመውን ትምህርት ቤት የአላዋቂዎች ቤት የሚል ስም የሰጠው፣ ደቀ መዛሙርቱንም ማንንም፣ እርሱንም ጭምር፣ ሳይመረምሩ እንዳያምኑ ያስጠነቅቅ የነበረ መምህር ነው። የጤናን መመዘኛ ሲዘረዝርም፣ ድካም አለመኖሩን፣ መልካም የምግብ ፍላጎትንና ጥልቅ እንቅልፍን እያንዳንዳቸውን በ5 ነጥብ፣ የማስታወስ ችሎታን፣ ደስተኛ ጠባይንና የአሳብና የሥራ ቅልጥፍናን እያንዳንዳቸውን በ10 ነጥብ ከገመተ በኋላ፣ የቀረውን 55 ነጥብ ለፍትሕ ሰጠ። አካሉ የበረታ፣ እንቅልፉ የሰመረ ሰው ፍትሕ ከሌለው ገና በሽተኛ ነው ማለቱ ነበር። የጤና መካሪ ሆኖ ከመቶው እጅ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ለጽድቅ ሥራ ያስቀረ ሌላ መምህር በቀላሉ አይገኝም፤ ይህንኑ መስፈርት በራሱ በትምህርቱ ላይ ብናውለው፣ ኦሳዋ ራሱ ያዘዘንን ብቻ ማድረጋችን ነው።

ትምህርቱን በአሜሪካ ያስፋፋው በ1949 ወደዚያ የተሻገረው ሚቺዮ ኩሺ ነው፤ ባለቤቱ አቬሊንም በምግብ አበሳሰል ትምህርቷ ከእርሱ ያላነሰ ድርሻ ነበራት። በቦስተን ከተማ ባደራጁት ማኅበር ዘንድ የተለመደው ማዕድ፣ ከ40 እስከ 60 በመቶው ያልተፈተገ እህል፣ ከ20 እስከ 30 በመቶው አትክልት ሆኖ፣ በቀረው ላይ ጥራጥሬ፣ የባሕር አረምና ከተብላላ አኩሪ አተር የሚዘጋጅ ሾርባ የሚጨመርበት ነው፤ ጉርሻውም ቢያንስ 50 ጊዜ እንዲታኘክ ይመከራል። መካሪው ዘንድ የቀረበ ሰው ስለ ሕመሙ ብቻ ተጠይቆ አይሰናበትም፤ በየትኛው ሰዓት እንደሚተኛ፣ ምን ጠጥቶ እንደሚነሣ፣ በቤቱ ማን እንደሚያበስልለት፣ ከማን ጋር ተቀምጦ እንደሚበላ ይጠየቃል፤ ፊቱና መዳፉ ይታያል፤ ከዚያም ወደ ማድቤት ገብቶ እህሉን ማጠብ፣ እሳቱን መመጠን በእጁ ይማራል። ከፊት ገጽ ደዌን አውቃለሁ የሚለው ጥበብ በሳይንስ ያልጸና ቢሆንም፣ አንድ ሰው ሌላውን ሰው ለረጅም ጊዜ በአንክሮ መመልከቱ፣ ኑሮውንም ሙሉውን መስማቱ ራሱ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ብዙዎች ከሐኪም ቤት ሳያገኙት ቀርተው ከመካሪ ደጅ ያገኙት ይህን ነበር። ስለ እህልና ስለ አትክልት የተናገሩትም ቢሆን፣ በ1977 የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ኮሚቴ ሕዝቡ ሙሉ እህልን፣ ፍራፍሬንና አትክልትን እንዲያበዛ፣ ስብንና ስኳርን እንዲቀንስ ካወጣው ምክር ጋር በብዙው ይስማማል።

እንግዲህ ትምህርቱ ይህን ያህል መልካም ነገር ከያዘ፣ ጉዳቱ በየት በኩል ገባ? መልሱ ያለው ማስተማርና መምከር የተለያዩ ሥራዎች ከመሆናቸው ላይ ነው። መምህር ለብዙዎች ይናገራል፤ የሚናገረውም ስለ ሰው በጠቅላላው ነው፤ መካሪ ግን በፊቱ ለተቀመጠው ለአንድ ሰው ይናገራል፣ ያ ሰውም ሥጋው የራሱ፣ ደዌው የራሱ፣ ፍርሃቱ የራሱ ነው። ለሁሉ የተነገረው ቃል ለአንዱ ትእዛዝ ሲሆን፣ የሚለካውና የሚገታው ሰው በአጠገቡ ከሌለ፣ እውነት የነበረው ነገር ሳይቀር መርዝ ሊሆን ይችላል። ኦሳዋ በመጽሐፉ ከዜሮ በታች ከ3 ጀምሮ እስከ 7 የተቆጠሩ ዐሥር የአመጋገብ ደረጃዎችን ዘርግቶ፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ሥጋው፣ ፍሬውና ቅጠላ ቅጠሉ እየቀረ እንዲሄድ፣ በ7ኛው ላይም ማዕዱ እህል ብቻ፣ መጠጡም እጅግ ጥቂት እንዲሆን ጻፈ፤ ይህ የመጨረሻው ደረጃ ብዙ ደዌን እንደሚፈውስም ተናገረ። በ1965 በአሜሪካ በኒው ጀርሲ ግዛት የምትኖር አንዲት ወጣት ሴት ይህንን ደረጃ ለወራት ተከትላ በረኃብ ሥጋዋ አልቆ ሞተች። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበርም በ1971 አመጋገቡ በዚህ በጠበበው መልኩ ለሕይወት የሚያሰጋ መሆኑን አስታወቀ። ደረጃ በቁጥር ሲሰፈር፣ ቁጥሩም ወደ ላይ ሲወጣ፣ የሰው ነፍስ ከፍተኛውን ፍጹምነት አድርጋ መያዟ የባሕርይዋ ነው፤ መሰላል የሠራ ሰው ደግሞ የሚወጣበት ሰው ከየትኛው እርከን ላይ እንዲቆም ማሳየት ግዴታው ነበር።

ሁለተኛው የጉዳት በር ምስክርነት ነው። ኦሳዋ ትምህርቱን የጀመረው በገዛ መዳኑ ምስክርነት እንደሆነ አይተናል፤ በ1955ም ወደ ጋቦን፣ አልበርት ሽቫይትዘር ወደሚያክምበት ወደ ላምባሬኔ ሄዶ፣ የቆላውን ቁስል በገዛ ሥጋው ላይ ተቀብሎ በምግብ እንደፈወሰው ጻፈ፤ ሽቫይትዘር ግን ትምህርቱን ሳይቀበል ቀረ። በ1978 በፊላዴልፊያ የአንድ ሆስፒታል ፕሬዚዳንት የነበረው ሐኪም አንቶኒ ሳቲላሮ፣ የፕሮስቴት ካንሰር በአካሉ ተሠራጭቶ ሳለ፣ ከአባቱ ቀብር ሲመለስ በመንገድ ካሳፈራቸው ሁለት ወጣቶች ስለዚህ አመጋገብ ሰምቶ ጀመረው፤ ከጊዜ በኋላም ካንሰሩ በምርመራ የማይታይ ሆነ፤ በ1982 ታሪኩን በመጽሐፍ ሲያወጣ ብዙ ሕሙማን ወደ መካሪዎቹ ደጅ ጎረፉ። ሆኖም ሳቲላሮ ቀዶ ሕክምናና የሆርሞን መድኃኒት ጭምር የተቀበለ ሰው ነበርና፣ የትኛው እንደረዳው ከእርሱ ታሪክ ብቻ ማወቅ አይቻልም፤ ካንሰሩም ተመልሶበት በ1989 ሞተ። የዳነ ሰው የሚመሰክረው እውነቱን ነው፤ ያልዳነው ግን ወደ ጉባኤ መጥቶ ቃሉን የሚሰጥበት ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ የምስክሮች ጉባኤ ምንጊዜም የተረፉት ብቻ የተሰበሰቡበት ነው፤ በዚያ ጉባኤ ላይ ተመሥርቶ የሚፈርድ መካሪም ሳያውቀው ግማሹን ነገር ብቻ ሰምቶ ይፈርዳል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። ደዌ ሁሉ ከሚዛን መጓደል፣ የሚዛን መጓደልም ሁሉ ከገዛ አመጋገብ የሚመጣ ነው ከተባለ፣ የታመመ ሰው ሁሉ በደለኛ መሆኑ የማይቀር ነው። ምክሩን ተከትሎ ያልዳነውም ሰው፣ በድብቅ የበላው ነገር ቢኖር ነው፣ በሚገባ አላኘከም፣ ልቡ አላመነም ይባላል፤ እንዲህ ባለ አነጋገር ትምህርቱ ፈጽሞ አይሸነፍም፤ የሚሸነፈው ዘወትር በሽተኛው ነው። የጥንቱ ሰው በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይል ነበር፤ ነገር ግን በሽተኛው በሽታውን የሚሸሽገው መካሪው ዳኛ ሲሆንበት ነው። የሕመሙ መበርታት እንደ ጥፋት የሚቆጠርበት ሰው፣ ክብደቱ ሲቀንስ፣ ሕመሙ ሲጸናበት፣ ይህን ለመካሪው ከመናገር ይልቅ ዝም ይላል፤ በዝምታውም ውስጥ ከሐኪም ሊያገኘው የሚችለውን ጊዜ ያባክናል።

መምህራኑ ራሳቸውም ከሰው ዕጣ አላመለጡም። አቬሊን ኩሺ በ2001 በማኅፀን ጫፍ ካንሰር፣ ሚቺዮ ኩሺም በ2014 በ88 ዓመቱ በቆሽት ካንሰር አረፉ። ይህ በተሰማ ጊዜ ተቃዋሚዎቻቸው ትምህርቱ በመምህራኑ ሥጋ ላይ እንደተረታ ተናገሩ። እኔ በዚህ ፍርድ አልተባበርም፤ በገዛ ቤታቸው ሐዘን የገባባቸውን ሰዎች በሬሳቸው መርታት ፍትሕ አይደለም፣ የአንድ ሰው ሞትም ልክ እንደ አንድ ሰው መዳን ሁሉ ስለ ብዙዎች ብዙ አያረጋግጥም። ይሁን እንጂ የእነርሱ ሞት አንድ ነገር ግልጽ ያደርጋል፤ በጥንቃቄ የኖረ፣ ዕድሜውን ሁሉ ማዕዱን የጠበቀ ሰውም ሊታመም ይችላል፣ መታመሙም ነውር አይደለም። ይህን ቃል መካሪው ለተመካሪው ገና በመጀመሪያው ቀን ሊነግረው ይገባ ነበር። ጤናን መንከባከብ የሰው ድርሻ ነው፤ ዕድሜን መወሰን ግን ከሰው እጅ አይደለም፤ ሁፌላንድ ጥበቡን ከሕክምና ሲለየው፣ ካወቀውም ካላወቀውም፣ መካሪው ለማይችለው ነገር ዋስ እንዳይሆን አድርጎት ነበር።

ምክር ከስሕተቱ ሊመለስ እንደሚችል የሚያሳይ መልካም ምሳሌ ደግሞ ከሆላንድ አገር ይገኛል። በ1980ዎቹ በቫኼኒንገን ዩኒቨርስቲ ያሉ ተመራማሪዎች፣ በማክሮባዮቲክ ሥርዓት የሚያድጉ ከ10 እስከ 20 ወር የሆናቸውን ሕፃናት መርምረው፣ በበጋው መጨረሻ ከመቶው 28ቱ፣ የክረምቱ ጨለማ ካለፈ በኋላ ደግሞ ከመቶው 55ቱ አጥንታቸው ልል የሚሆንበት የሪኬትስ ምልክት እንደታየባቸው ደረሱበት፤ ቁመታቸውም ከእኩዮቻቸው ያነሰ፣ ቪታሚን ቢ12ም የጎደላቸው ሆነው ተገኙ። ይህ ቪታሚን ከእንስሳት ከሚገኝ ምግብ ውጭ በተፈጥሮ በቂ ሆኖ የማይገኝ፣ ብዙ ጊዜ እንደ ምትክ የሚታየው የባሕር አረምም የማይታመንበት ነው። እነዚያ ወላጆች ልጆቻቸውን የሚወዱ፣ ከሌላው ሰው ይልቅ ስለ ምግብ የሚጨነቁ ሰዎች ነበሩ፤ የጎደላቸው ፍቅር ሳይሆን መለኪያ ነበር። ተመራማሪዎቹ ያገኙትን ለወላጆቹ ነግረው፣ ለሕፃናቱ ማዕድ ዘይት፣ ቅባት ያለው ዓሣና የወተት ምግብ እንዲጨመር መከሩ፤ ዓሣውንና የወተቱን ምግብ የጨመሩት ቤተሰቦች ልጆችም ካልጨመሩት ይልቅ ፈጥነው በቁመት አደጉ። በዚህ ነገር ውስጥ ማንም ሃይማኖቱን አልካደም፣ ማንም አልተዋረደም፤ እህሉና ጥራጥሬው በማዕዱ ላይ እንዳለ ሆኖ፣ የጎደለው ታውቆ ተሟላ። ትምህርት በልኬት ሲታረም የሚጠፋበት ነገር ቢኖር ትዕቢቱ ብቻ ነው።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ስለ ማዕድ ሥርዓት ሲበዛ የቆየ ልምድ ያላት ናትና፣ ከእርሷ የሚወሰድ አንድ ምሳሌ ነገሩን ያብራራዋል። ከዓመቱ ቀናት ብዙዎቹን ከሥጋና ከወተት መከልከል በሕግ የታዘዘባት ቤተ ክርስቲያን፣ ሕጉን ለሁሉ አንድ አድርጋ ብታውጅም፣ አፈጻጸሙን ግን ለነፍስ አባት ሰጥታለች፤ ነፍስ አባትም ቀኖና ሲሰጥ የተናዛዡን ዕድሜ፣ አቅምና ሕመም ይመረምራል፤ ለአራስ፣ ለሕሙምና ለሽማግሌ በጎልማሳው ልክ አያዝም፤ ከአቅም በላይ ለመጾም የሚሻውን ቀናተኛ ደግሞ ይገታዋል። በአዋጁና በሰውዬው መካከል የሚቆም፣ ለሰውዬው የሚራራ አንድ ልብ ያስፈልጋል ማለት ነው። የጤና መካሪም ቦታው ይህ ነው፤ ተመካሪው ወደ ፍጹምነት ሲቸኩል የሚያዘገየው፣ ሰውነቱ ሲመነምን ማዕዱን የሚያሰፋለት፣ እብጠት ወይም ደም ሲያይ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ሂድ፣ ሐኪሙ ያዘዘልህንም መድኃኒት በእኔ ቃል አትተው የሚለው እርሱ መሆን አለበት። ይህን የማይል መካሪ፣ እህሉ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ ኦሳዋ 55 ነጥብ የሰጠው ፍትሕ ይጎድለዋል።

ከዚህ ሁሉ የምደርስበት ፍርድ ይህ ነው። የምክር እውነተኛነት የሚመዘነው በዳኑት ሰዎች ምስጋና አይደለም፤ ምስጋና ለበጎውም ለክፉውም መካሪ አንድ ቀን ይደርሰዋል። የሚመዘነው ምክሩን በታማኝነት ተከትሎ ሳይድን የቀረው ሰው ተመልሶ ሲመጣ መካሪው በሚሰጠው መልስ ነው። ያን ጊዜ ትምህርቱን ለማዳን በሽተኛውን የሚከስስ ሰው፣ መምህር ቢባልም፣ የሚያገለግለው የገዛ አሳቡን ነው፤ በሽተኛውን ለመርዳት ትምህርቱን የሚያርም፣ ስሙንም ለማስከበር ሳይሞክር ወደሚችለው ሰው የሚመራ ግን፣ የሚያስተምረው ሩዝም ሆነ ስንዴ፣ እውነተኛ መካሪ ነው። ስለዚህ ስለ ጤናው ምክር ለመቀበል ወደ ማንም ሰው ደጅ የሚሄድ ሁሉ፣ ምን ልብላ ብሎ ከመጠየቁ በፊት፣ የመከርኸው ሳይድን በቀረ ጊዜ ምን ታደርጋለህ ብሎ ይጠይቀው፤ መልሱንም ሰምቶ ማዕዱን ለእርሱ አደራ ይስጥ ወይም ይከልክል።